የሰው አገር ሲለመድ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

 

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን፣ ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር ሰው የአገሬውን ምግብ፣ የአገሬውን ሰዓትና ልማድ ቀስ በቀስ እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ ይመለከታል። ጉዳዩን ከሁለት ወገን እናየዋለን። አንደኛው ወደ እኛ የሚመጣው እንግዳ ነው። ሁለተኛው ከእኛ ወጥቶ ባሕር የሚሻገረው ልጃችን ነው። ሁለቱም የሚማሩት ትምህርት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን ስናውቅ ሌላውን መርዳት እንችላለን። በዝግጅቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማዕዳችን ልጀምር። በደጋማው አገራችን በአዊ፣ በባንጃም ሆነ በፋግታ ለኮማ፣ ድንች የሌለበት ጓዳ ማሰብ ይከብዳል። በገበያ በየጆንያው የሚደረደረው፣ በክረምት የቤተሰቡን ሆድ የሚይዘው ድንች ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። የመጀመሪያ አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው፣ የግብርና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት፣ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም 1858 ነበር። ሺምፐር ዕፅዋት ለመሰብሰብ በ1837 ትግራይ ገባ። ከዚያ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከ40 ዓመት በላይ እዚሁ ኖሮ በ1878 ዓድዋ ላይ አረፈ። ሰውየውም የኛን አገር ለመደ፤ ያመጣው ድንችም አገሬው ሆነ።

በርበሬም እንዲሁ ነው። ኮሎምበስ በ1492 አትላንቲክን ከመሻገሩ በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጭ በርበሬን የሚያውቅ ሕዝብ አልነበረም። በቆሎም የመጣው ከዚያው ነው። ዛሬ ግን በርበሬ የሌለበትን ወጥ አልጫ ብለን ለብቻ እንለየዋለን፤ የበቆሎ እሸት የሌለበት ክረምትም ክረምት አይመስለንም። አያት ቅድመ አያቶቻችን እነዚህን እንግዶች በአንድ ቀን አልተቀበሏቸውም። አንዱ ዘራ፣ ሌላው ቀመሰ፣ ባልቴቷ ከራሷ ቅመም ጋር አዋሐደች፤ ትውልድ ሲያልፍ የእኛ ሆኑ። ልማድን ከሌላ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ማዕዳችን ራሱ ይመሰክራል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ከሩቅ አገር መጥቶ በአዊዋ ከተማ በእንጅባራ ያረፈ አንድ እንግዳ እናስብ። አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚፈትነው ምላሱ ነው። እንጀራችን ይኮመጥጣል። የጤፍም ይሁን ከዳጉሳ ወይም ከገብስ ጋር የተደባለቀ ሊጥ፣ ከእርሾ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ሕይወታውያን የእህሉን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። ያ ጣዕም ለእኛ የሙሉ ምግብ ምልክት ነው። ለአዲሱ ሰው ግን ምግቡ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል።

ይህ የሚሆነው እንግዳው ስለናቀን አይደለም። ሰው ከተወለደ ጀምሮ ጣፋጭን ይወዳል፤ መራራንና ኮምጣጣን ይሸሻል። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው ልትጠብቀን ነው። በዱር ውስጥ መራራ ነገር ብዙ ጊዜ መርዝ ነው፤ ኮምጣጣ ደግሞ ያልበሰለ ፍሬ ወይም የተበላሸ ምግብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡናን፣ ጌሾ የገባበትን ጠላ፣ የቦካ እንጀራን መውደድ ለማንም ቢሆን የሚማሩት ነገር ነው። እኛም በልጅነታችን ተምረነዋል፤ መማራችንን ግን አናስታውስም።

ታዲያ ምላስ እንዴት ይማራል? በመደጋገም ነው። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ሌላ ምክንያት ባይኖር እንኳ፣ ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል አሳይቷል። በሕፃናት አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም፣ ልጁ መጀመሪያ የተፋውን አትክልት ከ8 እስከ 15 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲቀምስ ብዙ ጊዜ እንደሚቀበለው ይናገራሉ። ምግቡ ሆዱን ካልጎዳው፣ አብሮት የሚበላው ሰው ፊት ፈገግታ ካለበት፣ አንጎል ማስጠንቀቂያውን ቀስ ብሎ ያነሣል።

በርበሬ ደግሞ የተለየ ነው። የበርበሬ ቃጠሎ፣ በትክክለኛው አነጋገር፣ ጣዕም አይደለም። ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር አፋችን ውስጥ ሙቀትንና ሕመምን የሚያስታውቁትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ አንጎልም አፍ የተቃጠለ ይመስለዋል። ይህን ምሥጢር ዴቪድ ጁሊየስ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 ደረሰበት፤ በ2021ም የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። በርበሬ ደጋግሞ የሚበላ ሰው እነዚህ ሕዋሳቱ ለቃጠሎው እየደነዘዙ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ወር ዓይኑ በእንባ ይሞላ የነበረ እንግዳ፣ ከዓመት በኋላ ሚጥሚጣ አምጡልኝ ቢል ተአምር አይደለም። አካሉ ተምሯል።

ከዚህ ለባለአገሩ የሚሆን ምክር እናገኛለን። እንግዳ ወዶ እንዲበላ የምንፈልግ ከሆነ ከአልጫ፣ ከሽሮ፣ ከተቀቀለ ድንች እንጀምርለት። በርበሬውን ቀንሰን እንስጠውና በሳምንታት ውስጥ እንጨምር። ጉርሻውም አፍ የሚሞላ ሳይሆን አፍ የሚያስለምድ ይሁን። ለእንግዳውም የሚሆን ምክር አለ፦ አንድ ጊዜ ቀምሰህ አልወድም ብለህ አትዝጋው፤ ነገም ቅመስ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የአገር ልማድ ሁሉ ለሁሉም ሰው ጤና አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስከትል እንደሚችል እኛው ራሳችን እናውቃለን፤ አባቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ መድኃኒት አድርገው የጠጡት ለዚህ ነው። እንግዳ ጥሬ ሥጋ አልበላም፣ ያልፈላ ውኃ አልጠጣም ቢል እንደ ንቀት አንቁጠርበት።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከምላስ ቀጥሎ የሚማረው ሰዓትና ቀን ነው። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው። ይህ አቆጣጠር ከምድራችን ጋር ይስማማል። አዊ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የቀንና የሌሊት ርዝመት በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ ፀሐይ ሁሌም በተቀራረበ ሰዓት ትወጣለች። በበጋ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ከሚያስመሽ፣ በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሚጨልም አገር የመጣ ሰው ይህን ባለማወቁ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲባል ከቀጠሮው ይቀራል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን የእጅ ሰዓቱን በራሱ አገር እየሞላ በልቡ በእኛ አገር መቁጠር ይጀምራል። የ13 ወራችንም አቆጣጠር እንዲሁ ቀስ ብሎ ይገባዋል።

ከዚያ የሳምንቱ ሥርዓት ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ከአብዛኛው ቤት ይጠፋሉ። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ምግብ ቤቱም በያይነቱን ያቀርባል። እንግዳው ጿሚ ባይሆንም ሆዱ ከከተማው ጋር ይሄዳል። አንድ ሁለት ጾም አብሮ ካሳለፈ በኋላ ረቡዕ ሲደርስ ሽሮና ምስር ያምረዋል፤ የፋሲካን ዶሮ ወጥም እንደ አገሬው በናፍቆት ይጠብቃል። በዓልን የሚያጣፍጠው የቀደመው መታቀብ መሆኑን ማንም ሳያስረዳው በገዛ አካሉ ይረዳዋል።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም፣ ዝናባም ከተማ ናት። የአየሩም ጠባይ ያስተምራል። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ክረምት በቀጭን ጃኬት ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው ክረምት ጋቢ ገዝቷል፤ ማለዳ ተከናንቦ ሲወጣ ከሩቅ የሚያየው ሰው የሰፈሩ ልጅ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላም ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ማለትን ይለምዳል። ጊዜ ማባከን ይመስለው የነበረው ነገር የሰፈሩ ወሬ የሚነገርበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ ጠብ የሚበርድበት ሰዓት መሆኑን ያያል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሦስተኛው ትምህርት የአካልና የአክብሮት ነው። ይህ ከሁሉ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ብዙውን ነገር እኛ ራሳችን አድርገን እንጂ ተናግረን አናውቀውም። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት፣ ዕቃ ሲቀበሉ ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ መዘርጋት፣ ከማዕድ በፊት የሚያስታጥበው ልጅ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከራስ ፊት መብላት፣ በሰላምታ ጊዜ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አለመግባት፣ እነዚህ ሁሉ በመጽሐፍ የሚገኙ አይደሉም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ የግብዣው ሥርዓት ነው። ብዙ እንግዶች የሚመጡት፣ ጠግቤአለሁ ማለት ነገሩን ከሚዘጋበት አገር ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ የጨዋነት ምልክት ነው፤ አስተናጋጅዋም “በሞቴ”፣ “አፈር ስሆን” እያለች ትመለሳለች። እንግዳው በመጀመሪያ ይጨነቃል፤ ሆዱ እስኪፈነዳ ይበላል። ቆይቶ ግን መቼ ጥቂት መቀበል፣ መቼ አመስግኖ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ይሉኝታን ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እሱም በቤቱ እንግዳ ሲያስተናግድ “እባካችሁ ብሉልኝ” ማለት ይጀምራል።

ይህን ትምህርት በሥርዓት ካለፉት መካከል የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞች ይገኙበታል። የመጀመሪያዎቹ መምህራን በ1962 ኢትዮጵያ ገቡ። እስከ 1977 ድረስ በየክፍለ አገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ዛሬ አያት የሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንግሊዝኛና ሒሳብ የተማሩት ከእነሱ ነው። ከ2007 በኋላ እንደገና የመጡት ደግሞ በአዊ ከተሞችም ጭምር በትምህርትና በጤና ሥራ አገልግለዋል። በሥልጠናቸው የመጀመሪያ ወራት ሆቴል አላረፉም፤ ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ኖሩ። የቤቱ እመቤት እናት ሆነቻቸው፤ ልብስ በእጅ ማጠብን፣ ሽንኩርት ማቁላላትን፣ ለጎረቤት ሰላምታ መስጠትን የተማሩት ከእሷ ነው። ከቀደሙት መምህራን መካከል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ መቱ ላይ የሠራው ጆን ጋራሜንዲም የምክር ቤት አባል ሆኗል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አገራቸው ሲመለሱ የኢትዮጵያን ነገር ሰምተው ሳይሆን ኖረው የሚያውቁ ሆነው ይገባሉ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን የተናገርነው መንገድ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ግን መሐሉ ቁልቁለት አለው። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ ካናዳዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው አገር የሚኖር ሰው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ዘርዝሯል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያምራል፤ መልክዓ ምድሩ፣ ልብሱ፣ የሰዉ ደግነት። ቀጥሎ ብስጭት ይመጣል። መንገድ ላይ ስሙን ሳያውቁ “ፈረንጅ” ብለው መጥራታቸው ያናድደዋል፤ ውኃና መብራት መጥፋቱ ያስመርረዋል፤ የእናቱ ወጥ ይናፍቀዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። የለመደው ምልክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለጠፋበት አእምሮው ደክሞ ነው። ከዚያ ቋንቋው ሲቀና፣ አንድ ሁለት ወዳጅ ሲያገኝ፣ ማገገም ይጀምራል። በመጨረሻ የአገሩን ኑሮ እንደ አንድ ሌላ የአኗኗር መንገድ ተቀብሎ ይረጋጋል።

አድማጮች፣ ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል? አዲስ የመጣው መምህር በሦስተኛው ወር ፊቱ ቢጠቁር፣ ከቤት አልወጣ ቢል፣ ጠላን ማለት እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው። በዚያን ጊዜ በር ማንኳኳት፣ ለቡና መጥራት፣ አብሮ ወደ ገበያ መሄድ ትልቅ ሕክምና ነው። ይህ ለውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከጋምቤላ ወይም ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥቶ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የገባው የአገራችን ልጅም ይኸው ብርድና ናፍቆት ያገኘዋል። አማርኛ ብቻ እያወቀ አዊ ገብቶ፣ በገጠሩ ገበያ የአውኚ ቋንቋ ሲነገር የሚሰማ የመንግሥት ሠራተኛም እንደዚያው ነው። ጥቂት የአውኚ ሰላምታ መማር ለእሱ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ለሚሰማው ገበሬ ግን ትልቅ ክብር ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ታሪክ እንመለስ። የአካባቢያችን ታሪክ፣ የሰው አገር ልማድን መቀበልና አለመቀበል ምን እንደሚያመጣ በግልጽ ያሳያል።

በ1603 ጴድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ካህን ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ በፊት በየመን ምድር ለዓመታት ተማርኮ በእስር ቆይቶ ነበርና ትዕግሥትን ያውቅ ነበር። ፓኤዝ አማርኛንና ግእዝን ተማረ፤ የአገሩን ሥርዓት አጠና፤ ጎርጎራ ላይ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ከሠራተኞቹ ጋር በእጁ ሠራ። በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ለአዊ ጎረቤት በሆነው በሰከላ ምድር የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ ያየውንም በመጽሐፉ አሰፈረ። በ1622 ሲሞት 19 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ኖሮ፣ በቤተ መንግሥት ተወዶ ነበር።

ከእሱ በኋላ አፎንሶ ሜንዴዝ የተባለ ኢየሱሳዊ በ1625 መጣ። ሜንዴዝ ለመልመድ ጊዜ አልወሰደም። ሕዝቡ ለዘመናት የኖረበትን የጾምና የበዓል አቆጣጠር፣ የሰንበት አከባበርና ግርዘት በአዋጅ ሊለውጥ ተነሣ፤ የተጠመቁትን እንደገና ይጠመቁ አለ። አገሩ በዐመፅ ታመሰ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ለሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። የፓኤዝና የሜንዴዝ ሃይማኖት አንድ ነበር፤ የላካቸውም ማኅበር አንድ ነበር። ለሕዝቡ ኑሮ ያላቸው ትዕግሥት ግን ተለያየ፤ ፍጻሜያቸውም ተለያየ።

በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ወደዚያው ወደ ግሽ ዓባይ ምንጭ መጣ። በአገው ሰዎች መንደር አርፎ፣ የምንጩ አገልጋይ እንግዳ ሆኖ ሰነበተ። ጎንደር ላይ እንደ ባላባቶቹ ለብሶ፣ እንደ እነሱ በልቶ፣ ቋንቋቸውን ተናግሮ ኖሮ ነበር። አገሩ ገብቶ የኢትዮጵያውያንን ኑሮና ጥሬ ሥጋ መብላታቸውን ሲያወራ ብዙዎች ውሸታም አሉት። በ1790 ያሳተማቸው አምስት ቅጾች ግን ዛሬም ድረስ የዚያን ዘመን ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቅሙ ናቸው።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ የዳንግላን ስም በዓለም ካርታ ሥራ ውስጥ ያስገባ ሰው እናገኛለን። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር፤ መቀመጫውም ዳንግላ ነበረች። ብሪታንያ በዚያ ጊዜ ሱዳንን ትገዛ ስለነበር የጣናና የዓባይ ውኃ ጉዳይ በእጅጉ ያሳስባት ነበር። ቺዝማን ግን በቢሮ አልተወሰነም። በበቅሎ እየተጓዘ፣ ከአገሬው ነጋድራስና በቅሎ ጫኝ፣ ከገዳም መነኩሴና ከታንኳ ቀዛፊ ጋር እየዋለ፣ እስከዚያ ዘመን ድረስ በካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር ብቻ ይታይ የነበረውን የዓባይን ሸለቆ ሰፊ ክፍል አጠና፤ የጣናን ደሴቶች ጎበኘ። ጥናቱንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ክረምት ሲገባ ወንዝ እንደማይሻገሩ፣ በጾም ቀን ለተጓዥ ምን እንደሚሰናዳ፣ የመንደሩን ሹም ሳያነጋግሩ ድንኳን እንደማይተከል በእንዲህ ያለ ኑሮ ካልሆነ በምንም አይማሩትም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ይህ ዕውቀት ዋጋ አገኘ። በ1940ና በ1941 ቺዝማን ካርቱም ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚከታተለውን የመረጃ ክፍል ይመራ ነበር። ወደ ጎጃም ገብተው ከአርበኞቻችን ጋር የተባበሩት መኮንኖች የአገሩን መንገድና ሰው ካወቁባቸው ምንጮች አንዱ እሱ ነበር።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራሳችን ልጆች እንዙር። ዛሬ ከአማራ ክልል ከተሞችና ገጠሮች ብዙ ወጣቶች ወደ ዓረብ አገሮች፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ሪያድ ወይም ጅዳ የምትገባ ልጃችን የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ሆኖ ታገኘዋለች። በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤት ዝግ ነው። ሩዝና ሥጋ አንድ ላይ የሚበስልበትን ካብሳ ትለምዳለች። ቡናውም ያስገርማታል፤ ፍሬው ከኛ አገር የሄደ ቢሆንም በስሱ ተቆልቶ፣ ሔል ገብቶበት፣ ከቴምር ጋር ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ። ቋንቋውን፣ የወጥ ቤቱን ሥርዓትና የሰላምታውን ወግ ቀድማ የተማረች ግን ሥራዋም ይቀላታል፤ አደጋ ሲመጣም ለማን መናገር እንዳለባት ታውቃለች።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ልማድን መቀበል ግፍን መቀበል አይደለም። ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት መያዝ፣ መደብደብ የማንም አገር ባህል አይደለም። ምግቡን ልመጂ፣ ቋንቋውን ልመጂ፣ ሰውነትሽን የሚያዋርድ ነገር ግን እንቢ በዪ፤ ለኤምባሲ ወይም ለሕግ አሳውቂ። ከመሄድሽ በፊትም በሕጋዊ መንገድ ተመዝግበሽ ሂጂ።

ሌላው ሥጋት ልጃችን ተለወጠ፣ ተበላሸብን የሚለው ነው። ጆን ቤሪ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰዎች በሰው አገር የሚመርጧቸውን አራት መንገዶች ለይቷል። አንዱ የራሱን ሁሉ ጥሎ አዲሱን ብቻ ይይዛል። ሌላው የራሱን ብቻ ይዞ በሩን ይዘጋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ተነጥሎ ይቀራል። አራተኛው የራሱን ሳይጥል አዲሱን ይጨምራል። ባደረገው የረጅም ዘመን ጥናት፣ ብዙ ጊዜ በአእምሮ ጤናም በኑሮም የሚቀናው አራተኛው ነው።

የዚህ ምሳሌ ከጤፍ ታሪክ ይገኛል። ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ እንጀራን ለመደ። አይዳሆ የምትባለው ግዛት ተመልሶ ጤፍ መዝራት ጀመረ፤ በ1980ዎቹም ምርቱን በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሸጥ ቻለ። ወገኖቻችን በባዕድ አገር አዲስ ምግብ ለመዱ፤ የአገሬው ሰው ደግሞ የእነሱን እህል ዘራላቸው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዛሬ በአሜሪካውያን ተመጋቢዎች ይሞላሉ። መልመድ በሁለቱም ወገን ሲሆን ሁለቱም ይበለጽጋሉ።

ወደ አገር የሚመለስ ሰውም መልመድ ይፈልጋል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በመቅደላ ጦርነት ማግሥት፣ በ1868፣ በሕፃንነታቸው ከአገር ተወስደው ሕንድ ውስጥ በእንግሊዞች እጅ አደጉ፤ ሕክምና ተማሩ። ጎልማሳ ሆነው ሲመለሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። ቤተሰቦቻቸው አገኟቸው፤ ወገን ሆነው ተቀበሏቸው። እሳቸውም ቋንቋውን እንደገና ተማሩ፤ በሕክምናና በትምህርት አገለገሉ፤ በፋሽስት ወረራ ዘመንም ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ቤተሰብ ትዕግሥት ባያሳያቸው ኖሮ ኢትዮጵያ ይህን ሰው ባጣች ነበር።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ ዛሬ የተማርነውን ወደ ተግባር እናውርደው።

ለሚሄደው፦ ከመሄድህ በፊት የአገሩን ሰላምታ፣ ቁጥርና የምግብ ስም ተማር። ከደረስክ በኋላ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ምግብ ቅመስ፤ የአገሩን ሰው አንድ ወዳጅ አድርግ። ብስጭቱ ሲመጣ እንደሚያልፍ እወቅ፤ ለብቻህ አትያዘው። የራስህን በዓል፣ ቡናና ጸሎት አትተው።

ለባለአገሩ፦ አዲስ ሰው ሰፈርህ ሲገባ ስሙን ጠይቀህ በስሙ ጥራው። ልጆችም “ፈረንጅ” እያሉ እንዳይከተሉት ምከር። ሲሳሳት አትሳቅበት፤ ለብቻው ነግረህ አሳየው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር አብረኸው ቁም፤ ለምን ፈረስ እንደሚከበር፣ ከዓድዋ ዘመቻ ጋር ያለውን ግንኙነት አስረዳው። እንግዳ የሚያየውን ነገር ትርጉሙን ሲያውቅ ከተመልካችነት ወደ ተካፋይነት ይሻገራል።

ለቤተሰብ፦ ልጃችሁ ከውጭ ሲመለስ የአመጋገቡና የአነጋገሩ ለውጥ አያስደንግጣችሁ። ምን እንደተማረ ጠይቁት፤ ወጥ ቤት ገብቶ የተማረውን ምግብ እንዲሠራላችሁ ዕድል ስጡት። ቅመሱለት። ድንችን የተቀበለ ማዕድ ለእሱም ቦታ አያጣም።

ለውይይት ሁለት ጥያቄዎችን ትቼላችሁ እሄዳለሁ። በሰፈራችሁ ካሉት ሰዎች ከሌላ አካባቢ የመጣ ማን አለ? ካሉንስ ልማዶች ለእሱ ከባድ የሚሆንበት የትኛው ነው? በቤታችሁ፣ በማኅበራችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ተወያዩበት፤ መልሱን ካገኛችሁ በኋላም ያንን ሰው በዚህ ሳምንት ለቡና ጥሩት።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)